የጋሽ ወርቅነህ መውረጃ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ሲ.ኤም.ሲ የምንኖርበት ሕንፃ መግቢያ ላይ ሠራተኞች የተሰባበረ ደረጃ እየጠገኑ ነበር። የለሰኑት ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ውሃ አርከፍክፈውበታል። አንዱ ሠራተኛ «በዚህ በኩል ይለፉ፣ ገና እርጥብ ነው» ሲለኝ ነው ቆሜ መቅረቴ የታወቀኝ። ሰውየው ቦርሳ የጠፋኝ መስሎት ዙሪያዬን ያይ ነበር። የጠፋኝ ነገር የለም። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው ያቆመኝ፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል፣ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚቆይ ሽታ። ለሌላው ሰው የግንባታ ሽታ ነው። ለእኔ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ያሳለፍኩት ጊዜ ነው።

ያኔ ከእናቴ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ በሚያወጣው ቅያስ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የግቢው ባለቤቶች ጋሽ ወርቅነህና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። የእነሱ ቤት ከፍ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ከበረንዳው ወደ ግቢው አምስት ደረጃ ይወረዳል። ከደረጃው እስከ ቆርቆሮው በር አራት ሜትር ያህል ሜዳ አለ፤ የእኛ ክፍሎች ከበሩ አጠገብ ነበሩ።

ጋሽ ወርቅነህ ሰላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ቀስ ብለው ያወሩ ሲመስላቸው እንኳን ግቢው በሙሉ ይሰማቸዋል። እኛ ወደዚያ ግቢ ከመግባታችን ጥቂት ወራት በፊት ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጦ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ስኳር ነው እግራቸውን የወሰደው» ስትል ሰማሁ። እኔ የማውቀው ስኳር በጣሳ ተቀምጦ ሻይ ውስጥ የሚጨመረውን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻዬን ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ። እናቴ «አሞሻል እንዴ?» ብትለኝ፣ እግሬን መውደዴን መናገር አፍሬ «እንዲሁ ነው» አልኳት። ሁለት ሳምንት ያህል ያንን መራራ ሻይ እየጠጣሁ ማታ ማታ ጣቶቼን እቆጥር ነበር።

አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ዊልቸር ሰጥቷቸዋል። ችግሩ ዊልቸሩ የሚሄደው ሳሎን ውስጥና በረንዳው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ደረጃውን ለመውረድ ሁለት ጎረምሳ ከግራና ከቀኝ መሸከም አለበት። ጋሽ ወርቅነህ ይህን ነገር እንደ ሞት ይጠሉት ነበር። «እኔ ጆንያ አይደለሁም» ይላሉ። ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር ከአንድ ዓመት በላይ ከግቢ አልወጡም።

እትዬ ዘነበች ሾላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። እኔ የጠዋት ተማሪ ስለነበርኩ፣ ከምሳ በኋላ እሳቸው እስኪመለሱ ድረስ ከጋሽ ወርቅነህ ጋር መቀመጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ውሃ አቀብላለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አስታውሳለሁ። አንዳንዴ ፊታቸው ይጨማደድና «ሰናይት፣ ያችን እግሬን እከኪልኝ» ይሉኛል። የሌለችውን ማለታቸው ነው። መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ሲሉኝ ተንበርክኬ፣ እግራቸው ይኖርበት የነበረውን ባዶ ቦታ፣ ብርድ ልብሱን፣ በጥፍሬ እፎክት ነበር። «ትንሽ ወደ ታች... እሱ ጋ... ተባረኪ» ይሉና ዓይናቸውን ይከድናሉ። ደስ የሚል ሥራ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ግን እስካሁን አልገባኝም።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ውስጥ ስሎፕ ጀመርን። የሒሳብ አስተማሪያችን ቲቸር ሂሩት ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አቋርጠው ካሰመሩ በኋላ ሌላ ሰያፍ መስመር ሳቡበት። «ስሎፕ ማለት ተዳፋት ነው» አሉ። «ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን መስመሩ ገደል ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ለጥ ያለ ነው። ሲሰላ ራይዝ ኦቨር ራን ነው።» ራይዝን ከላይ፣ ራንን ከታች አድርገን ጻፍን። «ራን» የምትለው ቃል ደስ አለችኝ፤ የማውቃት እሷን ብቻ ስለነበረ። መሮጥ ናት። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አትሌቶች በቱታ ወደ እንጦጦ ሲሮጡ አያለሁ። ነገሩ ስለ እነሱ መሰለኝ። ሰው መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ነው ከፍታ ላይ የሚደርሰው። ስለዚህ ሩጫው ይቀድማል፣ ከላይም የሚጻፈው እሱ ነው ብዬ በራሴ ደመደምኩ። ከሰሌዳው የገለበጥኩትን ትቼ በጭንቅላቴ የያዝኩት ይህንን ነበር፤ ሩጫው ከላይ፣ ከፍታው ከታች። ማንንም አልጠየቅሁም፤ ምን ይጠየቃል? ግልጽ ነበር።

የጋሽ ወርቅነህ የመጀመሪያ ልጅ ዳዊት ወሰን አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶና በጋሪ አሸዋ ይዞ መጣ። «አባዬ፣ ዛሬ መውረጃ እሠራልሃለሁ። ደረጃውን ሸፍኜ እለስነዋለሁ፣ በዊልቸርህ ራስህ ትወጣለህ» አለ። ጋሽ ወርቅነህ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። ሲደሰቱ እንዲህ ያደርጉ ነበር።

ዳዊት ሜትር ዘርግቶ ከበረንዳው ጫፍ ወደ መሬት ለካ። ዘጠና ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ግቢው ላይ በኖራ ሁለት ምልክት አደረገ። ሁለቱን ሲያይ ቆየና ጠራኝ።

«አንቺ ተማሪ፣ ነይማ እስቲ! ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ካቆምኩት ርዝመቱ ሜትር ከሰማንያ ነው። እዚያ ጋ ካደረስኩት ሁለት ሜትር ከሰባ። የትኛው ይሻላል? በትምህርት አስዪልኝ።»

እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሮጬ ደብተሬን አመጣሁና ሁሉም እያየኝ አሰላሁ። መቶ ሰማንያ ሲካፈል ለዘጠና፣ ሁለት። ሁለት መቶ ሰባ ሲካፈል ለዘጠና፣ ሦስት። ቲቸር ያሉት ትዝ አለኝ፤ ትንሽ ቁጥር ለጥ ያለ ነው።

«አጭሩ ይሻላል። ስሎፑ ትንሽ ነው» አልኩት።

ዳዊት ደረጃውን አየ። ሲሚንቶውን አየ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ተማሪዋ ካለች!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አባቱ እንዲሰሙት። አካፋውንም አነሳ።

ከሰዓት በኋላ ተለስኖ አለቀ። ዳዊት ሲሄድ ሲሚንቶው ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ እንዳጠጣው አደራ አለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊትና ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በጣሳ ውሃ ቀስ አድርጌ አጠጣሁት። ግራጫው ወደ ጥቁር ይለወጥና ያ ሽታ ይነሳል። ተንበርክኬ አሸትተው ነበር። የእኔ መውረጃ ነበር። እኔ አስልቼዋለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳዊት መጣ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬ ዘነበች አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ጋሽ ወርቅነህ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ኮታቸውን ደርበው፣ ዊልቸሩን በረንዳው ጫፍ ላይ አቆሙት። ወደ ታች አዩ፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዩ።

ዳዊት ከኋላ እጀታውን ያዘ። «ይዤሃለሁ አባዬ።»

የፊቱ ጎማ ጫፉን እንዳለፈ ዊልቸሩ ተነጠቀ። ዳዊት እጀታውን አልለቀቀም፤ ጫማው ሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ በጀርባው ሲወድቅ ግን እጀታው ከእጁ አመለጠ። ከዚያ ያየሁት ሁሉ በጣም ፈጣን ነበር፤ የሰማሁት ግን እስካሁን ይሰማኛል። ዊልቸሩ አራቱን ሜትር በአንድ ትንፋሽ ጨርሶ ከቆርቆሮው በር ጋር ሲላተም ግቢው በሙሉ አስተጋባ። ጋሽ ወርቅነህ በግንባራቸው በሩ ሥር ተደፉ። የሱሪያቸው ባዶ እግር ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ማንም እንዲያየው የማይፈልጉት የተቆረጠው እግራቸው ተገልጦ ነበር። ሰው ሁሉ እየጮኸ ተሯሯጠ። እሳቸው አልጮኹም። ደም ከቅንድባቸው ላይ እየወረደ፣ በእጃቸው ሱሪያቸውን ለመሸፈን ይታገሉ ነበር።

«ቤት አስገቡኝ» አሉ።

ዳዊትና አንድ ጎረቤት ከግራና ከቀኝ ተሸክመው፣ በዚያው መውረጃ ጎን በጭንቅ ወጥተው አስገቧቸው። የሳሎኑ መጋረጃ ተዘጋ።

ሳምንታት አለፉ። ከምሳ በኋላ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ሬዲዮ ክፈቺ አይሉም፣ እግሬን እከኪልኝ አይሉም። ቅንድባቸው ላይ የተሰፋው ቁስል ደርቆ ጠባሳ ሆነ። ዳዊት ብቅ አላለም። መውረጃውን በተመለከተ ማንም ማንንም አልወቀሰም። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የጎማው መስሎኝ ነበር። ጎማው ዘይት በዝቶበት ይሆናል እል ነበር።

ፈተናችን የተመለሰው በዚያው መሃል ነው። አሥር ጥያቄ ነበር። የእኔ ወረቀት ላይ አሥር ቀይ ኤክስ አለ። ቲቸር ሂሩት ክፍሉ ሲወጣ አስቀሩኝና አጠገቤ ያለው ዴስክ ላይ ተቀመጡ።

«ሰናይት፣ ያልሠራሽ ብትሆኚ ይገባኝ ነበር። አንቺ ግን አሥሩንም ሠርተሻል፣ አሥሩንም ገልብጠሻል። አንዱን እንኳን በስህተት ትክክል አላደረግሽም። ለምንድን ነው ራኑን ከላይ ያደረግሽው?»

ስለ አትሌቶቹ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። እርሳሴን አንስተው ወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ ሰው ሣሉ።

«ይህ ሰው አንድ እርምጃ ወደፊት ቢሄድ ስንት ከፍ ይላል? ስሎፕ የሚጠይቅሽ ይህንን ብቻ ነው። ቁጥሩ ሁለት ነው ካልሽኝ፣ በአንድ እርምጃ ሁለት እርምጃ ሽቅብ ወጣ ማለትሽ ነው። ግድግዳ እየወጣ ነው። ግማሽ ነው ካልሽኝ ደግሞ አንድ ሜትር ሲሄድ ግማሽ ሜትር ይወጣል። እሱም ቀላል አይደለም፤ ከባድ ዳገት ነው።»

«ግማሽ ከባድ ነው?»

«እንዴታ!»

ዘጠና ሲካፈል ለመቶ ሰማንያ። ማስላት አላስፈለገኝም፤ ቁጥሩ ራሱ መጣብኝ። ግማሽ። ረጅሙ ደግሞ ሢሶ ነበር። እሱም ቢሆን ጥሩ አልነበረም፣ ግን ከሁለቱ የባሰውን መርጬ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጥቼ ያጠነከርኩት እኔ ነበርኩ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ወረደ። ቲቸር ሂሩት «ዜሮ አግኝተሽ ነው የምታለቅሺው? ሌላ ፈተና እኮ አለ» እያሉ ትከሻዬን ይነካካሉ። ስለ ዜሮው አልነበረም።

ሁለት ቀን ሆዴን አሞኛል ብዬ ጋሽ ወርቅነህ ጋ ሳልሄድ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን የፈተና ወረቀቴን አጣጥፌ ይዤ ገባሁ። በተዘጋው መጋረጃ በኩል ትንሽ ብርሃን ይገባል። አጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ የጣልኩዎት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ሩጫውን ከላይ ማድረጌን፣ ሁለትና ሦስቱን፣ ግማሹንና ሢሶውን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ዘረገፍኩት። እሳቸው መነጽራቸውን ጠይቀው አደረጉና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው ቀይ ኤክሶቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ።

«ቁጭ በይ» አሉ። ተቀመጥኩ። «እኔ ሰላሳ ዓመት ዳገትና ቁልቁለት ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጣርማበርን በጭጋግ፣ አባይ በረሃን ጎማ ፈንድቶብኝ ወርጃለሁ። አሁን ታች አስፋልቱ ላይ የምታልፈውን መኪና ድምፅ ሰምቼ በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ እነግርሻለሁ። ያ መውረጃ ገና አሸዋው ሲደፋ ገደል እንደሆነ አይቻለሁ።»

እንባዬን ጠረግሁ። «አይተው ነው የወረዱበት?»

 የኮታቸውን ቁልፍ ነካኩ።

«ልጄ የዕረፍት ቀኑን ትቶ መጣ። ወገቡ እስኪቆረጥ ሠራ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። አይሆንም፣ ገደል ነው የሠራኸው ልበለው? አፌ እንቢ አለኝ። ይዤሃለሁ ሲለኝ፣ ይዞኛል አልኩ።»

«ዳዊት ግን አላወቀም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ዳዊትም አውቋል። መካኒክ ነው፣ ዓይን አለው። ሲሚንቶው ለረጅሙ አልበቃውም፤ ለሌላ እሑድ ማቆየት ደግሞ አልፈለገም። አንቺ ቁጥር ስትሰጪው ያዘው፣ አለቀ።» እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፤ ከባድ እጅ ነበር። «ከሦስታችን ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ታዲያ የምታለቅሺው አንቺ ብቻ መሆንሽ ልክ ነው?»

እኔ እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው የሚያውቀውን ነገር የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ሲሉኝ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፣ በዳዊትም በእሳቸውም። ጋሽ ወርቅነህ ፊቴን አይተው ይመስለኛል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

«በይ አሁን መጋረጃውን ክፈቺና ሳትገለብጪ አስቢልኝ» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራ ገባን። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ማንም ሳይገፋቸው በራሳቸው ክንድ መውጣትም መውረድም። «ቁልቁለትማ ማንም ይወርዳል፤ መመለስ ነው ጉዳዩ» አሉ። ስንት ሲሆን እንደሚችሉ ግን እሳቸውም እኔም አናውቅም። ስለዚህ ሞከርነው። እናቴ ከጓሮ ሁለት የሦስት ሜትር ጣውላ አምጥታ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋችልን፤ የዊልቸሩ ጎማዎች አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ጣውላ ላይ እንዲሄዱ። በአንድ በኩል ጡብ እየደረደርን ከፍ እናደርጋለን። ሃምሳ ሴንቲ ስናደርገው ጎማው አንድ ክንድ ሳይሄድ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰላሳ ስናደርገው ጥርሳቸውን ነክሰው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ ወጡ፤ ግን መሃል ላይ ማረፍ አልቻሉም። ሃያ አምስት ላይ ወጡ፣ መሃል ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን አንስተው ላባቸውን ጠረጉ፣ ቀጠሉ።

«ይቺ ናት! ጻፊያት» አሉ።

ሃያ አምስት ከላይ፣ ሦስት መቶ ከታች። አንድ አሥራ ሁለተኛ። አሥራ ሁለት ሴንቲ ስሄድ አንዲት ሴንቲ ብቻ እወርዳለሁ። በእጄ ጣውላውን እየዳበስኩ ደጋግሜ አልኩት። ዘጠና ሴንቲ ለመውረድ እንግዲህ ዘጠና ጊዜ አሥራ ሁለት ያስፈልገኛል፤ አሥር ሜትር ከሰማንያ።

ደነገጥኩ። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ግቢያችን እኮ አራት ሜትር ነው።»

«አባይ በረሃ መንገዱ ለምን የሚጠማዘዝ ይመስልሻል? መሐንዲሶቹ ሰክረው ነው? ርዝመት ሲያጥርሽ ዙሪ።»

የዞርነው በግንቡ ጥግ ነው። ከበረንዳው ጎን ተነስቶ ወደ ጓሮ አምስት ሜትር ከአርባ፣ እዚያ ማረፊያ ሜዳ፣ ከዚያ ዞሮ አምስት ሜትር ከአርባ ወደ ፊት። ቦታው ላይ ግን የእትዬ ዘነበች ጎመንና ጤናዳም ነበር። ልንነግራቸው ፈርተን ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ ትተን ጠበቅናቸው። ከገበያ ገብተው አዩት፣ አገላብጠው አዩት። «ጎመኔ ላይ ነው?» አሉ።  ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ወጡና፣ ሲያጉረመርሙ እየሰማናቸው፣ ጎመኑን በራሳቸው እጅ ከሥሩ ነቀሉት። ሳምንቱን ሙሉ ጎመን በላን።

ዳዊትን ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው ደውለው ጠሩት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። መዶሻ ይዞ መጣና የመጀመሪያውን መውረጃ ቀኑን ሙሉ ሲሰብር ዋለ። ሲጨርስ ጠመኔና ክር አምጥቶ እጄ ላይ አደረገ።

«ያን ዕለት...» አለና አፍንጫውን በክርኑ ጠረገ። «ምልክቱን አንቺ አድርጊ። እኔ እከተልሻለሁ።»

እሱ ክሩን በውሃ ልክ አስተካክሎ ግንቡ ላይ ወጠረልኝ። እኔ ከክሩ ሥር በየስድሳ ሴንቲው አምስት አምስት ሴንቲ እየወረድኩ ነጥብ አደረግሁ። ዘጠኝ ነጥብ፣ አርባ አምስት ሴንቲ። ከዚያ ነጥቦቹን በጣውላ ጠርዝ አገናኘኋቸው። መስመሩ ግንቡ ላይ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዳዊት ሜትሩን ይዞ ሊፈትነኝ ፈለገ። ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ነጥብ ለካ፤ አንድ ለአሥራ ሁለት። ከአራተኛው እስከ ዘጠነኛው ለካ፤ አንድ ለአሥራ ሁለት። ሆን ብሎ ነጥብ ያልተደረገበት ቦታ መርጦ ለካ፤ ያው ነው።

«የትም ብለካው አይለወጥም እንዴ?» አለ።

«አይለወጥም። ቀጥ ያለ እኮ ነው» አልኩት። እንዲህ ስለው ነው ለራሴም የገባኝ። አንድ መስመር አንድ ስሎፕ ብቻ ያለው ለምን እንደሆነ፣ ቲቸር ማንኛውንም ሁለት ነጥብ ውሰዱ የሚሉት ለምን እንደሆነ፣ ሰሌዳው ላይ ሳየው ያልገባኝ ነገር ግንቡ ላይ በጠመኔ ተሰምሮ ቆሞ ነበር። ቆሜ ሳየው ቆየሁ። ዳዊት «ሲሚንቶው እየደረቀ ነው» ብሎ ጮኸብኝ።

እንደገና ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁ፤ በዚህኛው ግን አልኮራሁም፤ ፈራሁ። ማረፊያው ላይ ቆሜ ቁልቁል እያየሁ በእግሬ እየለካሁ እወርዳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከሆሳዕና በፊት ያለው ቅዳሜ። ጋሽ ወርቅነህ ማንም እንዳይጠራ አዘዙ። ዳዊት ጋራዥ ነበር፤ እሱም እንዲቀር የፈለጉ ይመስለኛል። እናቴ፣ እትዬ ዘነበችና እኔ ግቢው ውስጥ ቆመን፣ እጃችንን የት እንደምናደርግ ጠፍቶን ነበር። እሳቸው ጎማውን በሁለት እጃቸው ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ወረዱ። ማረፊያው ላይ ቆሙ። ዞሩ። ሁለተኛውን ወረዱ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ አልቆሙም፤ እዚያው ዞረው ተመልሰው ሽቅብ ጀመሩ። ትንፋሻቸው ይሰማል። እናቴ ልትገፋ አንድ እርምጃ ስትራመድ እትዬ ዘነበች ቀሚሷን ያዙ። በረንዳው ላይ ደረሱ፣ ትንሽ አረፉ፣ እንደገና ወረዱ። በዚህኛው ጊዜ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

እትዬ ዘነበች ሊከፍቱላቸው ሮጡ። «ልቀቂው» አሏቸው። መቀርቀሪያውን ራሳቸው ሳቡ፣ ወጡ፣ በሩንም ከውጭ ራሳቸው ዘጉት።

ሦስታችን የተዘጋውን በር እያየን ቆምን። የጎማው ድምፅ ጠጠሩ ላይ ሄደ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

«የት ነው የሚሄደው?» አሉ እትዬ ዘነበች። ጋሽ ወርቅነህ ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ምሳ ቀረበ። ሰባት ተኩል ሆነ። እትዬ ዘነበች ወጡን ከደኑ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑ። ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ከፍተው ወገባቸውን ይዘው ቅያሱ ላይ ቆሙ። አንዲት ጎረቤት ስታልፍ «ዘነበች፣ ምነው ደህና ነሽ?» አለቻቸው።

«ይኸው ሰውዬው ወጥቶ ቀረ እባክሽ!» አሉ። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም፤ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። «ምሳ ቀርቧል አይል፣ የሚጠብቀኝ ሰው አለ አይል! ወጣ፣ ቀረ!»

ጎረቤቲቱ ማን እንደወጣ እስኪገባት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እትዬ ዘነበች ግን አላቆሙም፤ ለሚቀጥለው አላፊም፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም ያንኑ ወቀሳ ደገሙት፤ ባላቸው ወጥቶ እንደቀረ፣ ለምሳ እንዳልመጣ፣ ወዴት እንደሄደ እንኳን እንዳልነገራቸው። ነጠላቸውን በእያንዳንዱ ሰው ፊት እንደ አዲስ ያስተካክሉ ነበር።

እናቴ «እትዬ፣ ሰናይት ሮጣ ትጥራቸው?» አለቻቸው።

እትዬ ዘነበች ዘወር ብለው ገላመጧት።

«ማንም እንዳይጠራው» አሉ። «ይቆይ!»